የበረዶ ቤቱ ተለማማጅ

ማዘንጊያ ክፍሉ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷን ባየች በሳምንቱ አባቷ የጽሕፈት መኪና ትምህርት ቤት አስገቧት። ዓመቱ ሰባ አምስት ነበር። ውጤቱ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ አልነበረም፤ የሚያሳፍርም አልነበረም። አቶ ክፍሉ በድሬዳዋ ምድር ባቡር የዕቃ ክፍል ጸሐፊ ሆነው የኖሩ ሰው ናቸው። ሥራ ሲባል የሚታያቸው ጠረጴዛ፣ ወንበርና ከራስ በላይ የሚሽከረከር ቬንትሌተር ነው። ልጃቸውም ከዚራ ሰፈር ካሉት ጥላማ ቢሮዎች በአንዱ ቁጭ ብላ ደብዳቤ ስትመታ ገና ድሮ በሐሳባቸው አይተዋታል።

መኪናው ግን ለማዘንጊያ አልታዘዝ አለ። የድሬ ሙቀት ጣቷን ያልበዋል፤ ያላበው ጣት ደግሞ ከአንዱ ፊደል ወደ ሌላው ይንሸራተታል። አንድ ቀን ለመለማመጃ የተሰጣትን ደብዳቤ ስትመታ "ለተከበሩ ሥራ አስኪያጅ" የሚለውን "ለተከበቡ ሥራ አስኪያጅ" አለችውና ክፍሉ በሙሉ ሳቀባት። እሷም አብራ ሳቀች። ቤት ገብታ ለእናቷ ለወይዘሮ ቦጋለች ስትነግራቸው እንደገና ሳቀች። እናትየው ግን ፊቷን ትክ ብለው አዩና፣

"ይሄ ነገር አልሆነሽም አይደል?" አሏት።

"እማዬ፣ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ነገር አይገባኝም። ደስ የሚለኝ መኪናው ውስጥ ያለው ነው። ባለፈው ከፍቼ ሳየው ግን መምህሯ ተቆጣችኝ።"

"ከፍተሽ? የሰው ንብረት?"

"መልሼ ገጥሜዋለሁ እኮ! እንዲያውም ከድሮው ይሻላል።"

ነገሩ የተለወጠው በአንድ የጎረቤት ክርስትና ምክንያት ነው። ለስላሳውና ቢራው በርሜል ውስጥ ተደርድሮ፣ እንግዳው ሊመጣ ትንሽ ሲቀረው በረዶ የሚያመጣ ሰው ጠፋ። ወይዘሮ ቦጋለች ጋሪ አስጠሩና ማዘንጊያን ላኳት።

በረዶ ቤቱ ከሐዲዱ ማዶ ነው። ቀድሞ የአንድ ግሪካዊ ነበር። መንግሥት ከወረሰው ወዲህ አጥሩ ላይ በቀይ ቀለም መፈክር ተጽፎበታል፤ ሰዉ ግን እንደ ድሮው በረዶ ቤት ነው የሚለው። ማዘንጊያ ከውጭ ታውቀዋለች እንጂ ገብታበት አታውቅም። ያን ቀን ወረፋው ረጅም ነበርና ጥላ ፍለጋ ወደ ውስጥ ዘለቀች።

ገና ደፉን ስታልፍ አንገቷ ላይ ያለው ላብ ቀዘቀዘ። ፊት ለፊቷ በእንጨት ሳንቃ የተከደነ ረጅም ገንዳ አለ። ገንዳው ውስጥ ያለው የጨው ውሃ ነው፤ በጨው ውሃው ውስጥ ንጹሕ ውሃ የተሞሉ ረዣዥም የቆርቆሮ ሣጥኖች ተደርድረዋል። ሁለት ሰዎች አንዱን ሣጥን በሰንሰለት አወጡና ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነከሩት። ወዲያው ጋደም ሲያደርጉት በረዶው እንደ ዓሣ ተንሸራቶ ወጣ። በላዩ ላይ እንደ ጭስ ያለ ነገር ይነሣል። ማዘንጊያ ወረፋዋን ረሳች።

ሰማያዊ ቱታ የለበሰ፣ ኮፊያ የደፋ፣ ጢሙ የሸበተ አጭር ሰው ማሽኑ አጠገብ ቆሞ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል። ወደ እሱ ሄደች።

"ይቅርታ፣ እርስዎ ነዎት ማሽኑን የሚያሠሩት?"

ሰውየው ዞር ብሎ ከኋላው ሰው ፈለገ። "ማንን ነው?"

"እርስዎን።"

"አቦ! እርስዎ ስትዪኝ አባቴ ከመቃብር ተነሥቶ የመጣ መሰለኝ። ዓብዱልአዚዝ እባላለሁ። አንተ በይኝ።"

በድሬ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከተማው ትልቁንም ትንሹንም አንተ ነው የሚለው። የማዘንጊያ ቤት ግን አያቷ ከቡልጋ ይዘው የመጡትን ሥርዓት የሚጠብቅ ቤት ነውና አፏ አልሄድ አላት።

"እሺ... አንተ። አንድ ነገር ልጠይቅ? እዚህ የሚገባው ውሃ ሙቅ ነው። የእኛ ቧንቧማ ቀትር ላይ ሊያቃጥል ትንሽ ነው የሚቀረው። አሁን ግን በረዶ ሆኖ ወጣ። ሙቀቱ የት ሄደ?"

ዓብዱልአዚዝ ጨርቁን አስቀመጠ። "እዚህ ቤት ስንት ዘመኔ ነው፤ ሰው ሁሉ በረዶው ስንት ነው እያለ ይጠይቀኛል። ሙቀቱ የት ሄደ ብሎ የጠየቀኝ የለም፣ ወላሂ። ነይ።"

በጓሮ በር አውጥቶ ጣሪያውን አሳያት። ጣሪያው ላይ ረዣዥም የብረት ቧንቧዎች ተደርድረው ውሃ ይፈስባቸዋል። መሰላሉ ላይ ትንሽ አወጣትና "እጅሽን ዘርጊ" አላት። ከቧንቧዎቹ የሚወጣው ወላፈን መዳፏን ገረፋት።

"ይኸውልሽ፣ እዚህ ነው ያለው። ማሽኑ ብርድ አይፈጥርም። ማሽኑ ኩሊ ነው። ውስጥ ያለውን ሙቀት በጋዙ ተሸክሞ እዚህ ጣሪያ ላይ ያራግፈዋል። ሙቀቱ ተለቅሞ ሲያልቅ የሚቀረው በረዶ ነው። ዐሥራ ሁለተኛ ጨርሰሻል?"

"አዎ፣ ዘንድሮ።"

"ታዲያ በሩ ላይ የተለጠፈውን አላየሽም?"

አላየችም ነበር። ስትወጣ አነበበችው። ሁለት ተለማማጅ መካኒኮች ይፈለጋሉ፤ ልምምዱ አንድ ዓመት ነው፤ በየወሩ ደመወዝ ይከፈላል፤ ጾታ አይለይም። ደግማ አነበበችውና ወደ ውስጥ ተመለሰች።

"ጾታ አይለይም የሚለውን ያስጻፍከው አንተ ነህ?"

"መንግሥት ነው። እኔ ግን አልሰረዝኩትም።"

በዚህ ሁሉ መሐል ጋሪው በረዶውን ጭኖ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። በረዶው እነማዘንጊያ ቤት ሲደርስ በተጠቀለለበት ጆንያ ውስጥ የቀረው ትንሽ ቁራጭ ብቻ ነበር። ወይዘሮ ቦጋለች ጆንያውን ገለጥ አድርገው፣ "ይሄን ነው በረዶ የምትዪኝ? ሳሙና ነው እኮ!" አሉ። ማዘንጊያ ግን እናቷን እቅፍ አድርጋ፣ "እማዬ፣ ሥራ አገኘሁ" አለቻቸው። ገና አላገኘችም ነበር።

ያገኘችው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ሥራ አስኪያጁ ካሣ ወፍራም፣ ድምፁ ስብሰባ የለመደ፣ ልቡ ግን የዋህ የሆነ ሰው ነበር። ከአመልካቾቹ መሐል ሴት እሷ ብቻ ነበረች። ማመልከቻዋን እያገላበጠ፣

"ጓዲት ማዘንጊያ፣ ይህ ከባድ ሥራ ነው። ከባድ ዕቃ ማንሣት ትችያለሽ?" ብሎ ጠየቃት።

"ከባዱን የሚያነሣው ሰንሰለቱ ነው። አይቼዋለሁ።"

ጥግ ላይ የተቀመጠው ዓብዱልአዚዝ ሳቁን በሳል አስመሰለው። ካሣ ወደ እሱ ዞሮ፣ "ምን ትላለህ?" ሲለው፣ "እሷን ካልወሰድክልኝ ሌላ ጠያቂ ከየት አመጣለሁ?" አለ። ሁለተኛው የተመረጠው ከአፈተኢሳ ሰፈር የመጣ ሂርሲ የሚባል ቀጭን፣ ረጅም፣ ተጫዋች የሶማሌ ልጅ ነበር። ሂርሲ ከእህቶች መሐል ያደገ ነውና ማዘንጊያን ገና በመጀመሪያው ቀን "አባዮ" ይላት ጀመር፤ በሶማልኛ እህቴ ማለት ነው።

አስቸጋሪው ቤት ውስጥ ያለው ነበር። አቶ ክፍሉ ዜናውን እራት ላይ ሰሙና ጉርሻቸውን መለሱት።

"ሴት ልጅ? ቱታ ለብሳ? ዘይት ተቀብታ?"

"አባዬ፣ ይከፈለኛል እኮ። እየተማርኩ ይከፈለኛል። የጽሕፈት ትምህርት ቤቱን ግን የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት።"

"የገንዘብ ነገር አይደለም! ነገ ከነገ ወዲያ ልጅዎ ምን ትሠራለች ሲሉኝ ምን ልበል?"

"በረዶ ትሠራለች ይበሏቸዋ!" አሉ ወይዘሮ ቦጋለች። "በዚህ ሙቀት ከዚህ የሚበልጥ ምን ጽድቅ አለ? እሷ እንደሆነች የጽሕፈት መኪናውን ስትፈታ እንጂ ስትጽፍበት አላየናትም።"

አቶ ክፍሉ ከዚያ ወዲያ ልጃቸውን በቀጥታ ማናገር ተዉ። ጨው ሲፈልጉ ልጃቸው ፊት ለፊት ተቀምጣ፣ "ቦጋለች፣ ልጅሽን ጨው አቀብይኝ በያት" ይላሉ። ማዘንጊያ ጨውን ለእናቷ ታቀብላለች፤ እናቷ ለባላቸው ያቀብላሉ። ወይዘሮ ቦጋለች ከቀናት በኋላ፣ "እኔ ምን፣ የባቡር ጣቢያ ሆንኩ እኮ! ሁሉም በእኔ ነው የሚያልፈው" ሲሉ አባትየው ሳቃቸውን በመሐረብ ሸፈኑ። ሐሳባቸውን ግን አልለወጡም።

በረዶ ቤቱ ውስጥ ትምህርቱ የጀመረው በሩጫ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቡሎን ላልቶ በማሽኑ ቧንቧ የሚዞረው ጋዝ፣ አሞኒያው፣ ትንሽ ሸተተ። ዓይን የሚልጥ፣ አፍንጫ የሚሰነጥቅ ሽታ ነው። ማዘንጊያና ሂርሲ እኩል ወደ በሩ ሮጡ፤ በሩ ላይ ተጋጭተው ሁለቱም ወደቁ። ዓብዱልአዚዝ ግን እርጥብ ሻሽ አፉ ላይ አስሮ ቀስ ብሎ ሄዶ ቡሎኑን ጥቂት ብቻ አጠበቀና ወጥቶ ከበላያቸው ቆመ።

"አሞኒያ ጨዋ ጋዝ ነው። መጥቻለሁ ሳይል አይመጣም። የሚፈራው መጥቻለሁ የማይለው ነው። ሀዬ፣ ተነሡ። አሁን ደግሞ የቀረው ከየት እንደሚወጣ እናንተ ታሳዩኛላችሁ።"

ድኝ የተነከረ ክር ለኩሶ ሰጣቸው። ክሩ ጋዝ የሚያልፍበት ቦታ ሲደርስ ነጭ ጭስ ያወጣል። ማዘንጊያ ከቧንቧ ቧንቧ ክሩን እያስጠጋች ስትሄድ፣ አንዱ መገጣጠሚያ ላይ ነጩ ጭስ ቦግ ሲል፣ ፍርሃቷ የት እንደገባ አላወቀችም። "አገኘሁት!" ብላ ጮኸች፤ የጠፋ ፍየል ያገኘች እንጂ የሚያስለቅስ ጋዝ ያገኘች አትመስልም ነበር።

ዓብዱልአዚዝ የሚያስተምረው አፉ ላይ በመጣለት ቋንቋ ነው። ቁልፍ ስጪኝ ሲል በአማርኛ፣ ፉርቱ ሲል በኦሮምኛ፣ ሚፍታሕ ሲል በዐረብኛ ነው፤ ሦስቱም ያው አንድ የቡሎን መፍቻ ናቸው። ሲቆጣ ዐረብኛ ይቀናዋል፣ ሲደሰት የሐረሪ ቋንቋ። ሂርሲ ደግሞ የሶማልኛውን ይጨምርበታል። ወር ሳይሞላ ማዘንጊያ ቤቷ ውስጥ ማንኪያ ስትፈልግ እናቷ የማያውቁት ቃል ከአፏ እያመለጠ ወይዘሮ ቦጋለች፣ "በአማርኛ ጠይቂኝ እንጂ!" ይሏት ጀመር።

ከሁሉ የወደደችው ማዳመጥን ነው። ዓብዱልአዚዝ የካቻቪቴውን ጫፍ ማሽኑ ላይ አስደግፎ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርጋል፤ ማሽኑ ሆዱ ውስጥ ያለውን ሁሉ በብረቱ በኩል ይነግረዋል። "አሁን አንቺ" ይላታል። መጀመሪያ የምትሰማው ጫጫታ ብቻ ነበር። እየዋለ ሲያድር የቫልቩን መታ መታ ከኩሽኔታው ማጉረምረም ለየች። የልብ ምት የምታዳምጥ ሐኪም የሆነች መሰላት። ማታ ቤት ስትገባ እጇ ዘይት ዘይት ይላል፤ ጥፍሯ ጠቁሯል፤ እንቅልፏ ግን ጣፋጭ ነው።

የመጀመሪያውን ደመወዟን የተቀበለች ቀን ለእናቷ ሻሽ ገዛች፤ ለአባቷ ደግሞ ለራዲዮናቸው ባትሪ። ባትሪውን ራዲዮኑ አጠገብ አስቀመጠችው። አቶ ክፍሉ አይተው እንዳላዩ ሆኑ፤ ዜና ሰዓት ሲደርስ ግን ከተው ሰሙበት። በማግስቱ ቀትር ላይ ኮታቸውን ለብሰው፣ ክራቫታቸውን አስረው በረዶ ቤት በር ላይ ተገኙ።

ልክ ሲገቡ ሂርሲ ከጣሪያው ላይ፣ "አባዮ! አባዮ! ቶሎ ነይ!" እያለ ይጣራ ነበር።

አቶ ክፍሉ ቀና አሉ። "ማነው አባዬ ያለኝ? እኔ እንዲህ የሚለኝ ልጅ የለኝም!"

ማዘንጊያ ከማሽኑ ሥር በቱታዋ ወጣች። አባቷን ስታይ ክው አለች፤ ወዲያው ግን የተናገሩት ገብቷት ሳቅ አፈናት። "አባዬ፣ እኔን ነው። በሶማልኛ እህቴ ማለቱ ነው።"

"እህቴ?" አሉና ረጅሙን ልጅ በዓይናቸው ለኩት። ከልባቸው አንድ ነገር ቀለል ያለ መሰለ።

ዓብዱልአዚዝ እጁን ዘርግቶ መጣ። "አንተ ነህ አባቷ? ና፣ ግባ፣ ምን ፀሐይ ላይ ያቆምሃል!"

ድሬ ኖረው እንኳ አንተ መባልን ያልለመዱት አቶ ክፍሉ ፊታቸው ተለዋወጠ። ቀጥ ብለው፣ "እርስዎ ልጄን እያስተማሯት እንደሆነ ሰምቼ፣ ለማየት ያህል ነው" አሉ። አንዱ አንተ፣ አንዱ እርስዎ እየተባባሉ ገንዳውን ዞሩ፣ ማሽኑን አዩ፣ በመጨረሻም በረዶው ተደርድሮ ወደሚቀመጥበት ክፍል ገቡ። እዚያ አንድ የእንጨት አግዳሚ አለ። አቶ ክፍሉ ተቀመጡ። ቀስ ብለው ክራቫታቸውን ፈቱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዓብዱልአዚዝ ለማዘንጊያ ዝም በይ በሚል ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

ቆየት ብለው፣ "እዚህ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?" አሉ አቶ ክፍሉ።

"ሁልጊዜ" አለ ዓብዱልአዚዝ።

"የእኔ ቢሮ ቬንትሌተር የሚነፋው ትኩስ አየር ነው። ዕድሜዬን በሙሉ።" ይህን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ቅሬታ ነበር፤ ለማን እንደሆነ ግን አልታወቀም። ከዚያም ወደ ልጃቸው ዞረው፣ በራሳቸው አፍ፣ "ከእኚህ ሰው ጋር ቀልድ የለም፤ በደንብ ተማሪ" አሏት። የዚያን ዕለት እራት ላይ ጨው የጠየቁት ማዘንጊያን ነበር። ከዚያም ወዲያ ከሥራ ሲወጡ፣ ልጄን ልውሰድ እያሉ፣ ልጃቸው ከመውጣቷ በፊት እየመጡ በረዶው ክፍል አግዳሚ ላይ መቀመጥ ልማድ አደረጉ። ካሣ አይቶ እንዳላየ ያልፋቸዋል።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል፣ በግንቦቱ ቃጠሎ፣ የዓብዱልአዚዝ ልጅ የመሪያም ሠርግ ደረሰ። ዓብዱልአዚዝ ለሦስት ቀን ፈቃድ ወሰደ። ሲሄድ ለሁለቱ ተለማማጆች የነገራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ማሽኑ ዝም ካለ አትደንግጡ። ከመንካታችሁ በፊት ጠይቁት።" የሠርጉ በረዶ ከዚያው ከበረዶ ቤት ይወሰዳል ተብሎ ተነግሯል፤ ግማሽ ድሬ የተጠራበት ሠርግ ነው።

በሠርጉ ዋዜማ ከሰዓት በፊት ማሽኑ በራሱ ቆመ። ማዘንጊያ አስነሣችው። ጥቂት ሠርቶ እንደገና ቆመ። ሣጥኖቹ ውስጥ ያለው ውሃ ገና ከዳር ከዳር ነው የረጋው። ካሣ ከቢሮው ወጥቶ ላቡን እየጠረገ መጣ።

"ዓብዱልአዚዝን እናስጠራው!"

"ልጁን እየዳረ?" አለች ማዘንጊያ። "ትንሽ ጊዜ ስጠን።" ለሥራ አስኪያጁ አንተ ማለቷን ልብ አላለችውም፤ እሱም ልብ አላለውም።

ሂርሲ፣ "ጋዙ አንሶ ነው። እንጨምርለት" አለ።

"ቆይ። ጋዝ ቢያንስ የግፊት መለኪያው ይወርድ ነበር። ተመልከት፣ ግፊቱ ወጥቷል። ከልኩ በላይ ሲሆን ነው ራሱን የሚያጠፋው።" ካቻቪቴውን አስደግፋ አዳመጠች፤ ማሽኑ ውስጥ ምንም የተሰበረ ነገር የለም። እጇን ወደ ጣሪያው በሚሄደው ቧንቧ ላይ ልታሳርፍ ሞከረችና ሳትነካው መለሰችው። "ያቃጥላል። ሙቀቱን ተሸክሞ ወጥቷል፣ ማራገፊያ ነው ያጣው።"

ሁለቱም ባንድ ላይ ወደ መሰላሉ ሮጡ። ጣሪያው ላይ እግር አያስቆምም። ሂርሲ ቀድሞ አየው። ቧንቧዎቹ ላይ ውሃ የሚያወርደው አሸንዳ ግማሹ ብቻ ነው የሚያፈሰው፤ የቀረው ግማሽ ደረቅ ነው። የድሬ ውሃ ኖራ ይበዛበታል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራው ያው ኖራ የአሸንዳውን ቀዳዳዎች ደፍኗቸዋል፤ ደረቁ ቧንቧም ነጭ ቅርፊት ለብሷል።

"አባዮ፣ ይሄ እኮ የእናቴ ጀበና ነው የሚመስለው!" አለ ሂርሲ።

ሚስማርና የእንጨት መዶሻ አስወጡ። ሂርሲ ቀዳዳ ቀዳዳውን በሚስማር ይከፍታል፤ ማዘንጊያ ቧንቧውን ቀስ እያለች በመዶሻው እየመታች ቅርፊቱን ታራግፋለች። ፀጉራቸውም ቅንድባቸውም ዱቄት የነሰነሱበት መሰለ። በዚህ መሐል ከታች፣ "ዋሪያ! ምንድን ነው የቆመው?" የሚል ድምፅ ተሰማ።

ዓብዱልአዚዝ ነው። ነጭ ጀለቢያ ለብሷል፣ አዲስ ኮፊያ ደፍቷል፣ የጣቶቹ ጫፍ በሂና ቀልቷል። ማሽኑ መቆሙን ማን እንደነገረው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ጀለቢያውን ሰብስቦ የመሰላሉን የመጀመሪያ ደረጃ ረገጠ።

"አትወጣም!" አለች ማዘንጊያ ከላይ።

"ምን አልሽ?"

"በዚህ ልብስ አትወጣም! መሪያም ምን ትላለች? ውረድ!"

"ግፊቱን አይታችኋል?"

"አይተናል!"

"የውሃ ፓምፑንስ?"

"ፓምፑ ደህና ነው! አሸንዳው ነው!"

ዓብዱልአዚዝ ወረደ። ግን አልሄደም። መሰላሉ ሥር ወዲያና ወዲህ እያለ፣ አንዴ ዐረብኛ አንዴ ኦሮምኛ እያጉረመረመ፣ በየመሐሉም "በግራ በኩል ያለውንስ?" እያለ ይጮኻል። ከላይ ነጭ ቅርፊት ሲወርድ አዲሱ ኮፊያው ላይ ያርፋል። በመጨረሻ ሂርሲ የመጨረሻውን ቀዳዳ ከፈተ። ውሃው ከአሸንዳው ዳር እስከ ዳር እኩል ወረደ፤ ከቧንቧዎቹ ላይ እንፋሎት ተነሣ። ማዘንጊያ ወርዳ ትንሽ እንዲቀዘቅዝ ጠበቀችና ማሽኑን አስነሣችው። ሦስቱም መለኪያው ላይ አፈጠጡ። ማሽኑ ሠራ፣ ሠራ፣ አልቆመም። የመለኪያው ቀስት ቀስ እያለ ወደ ቦታው ወረደ።

ዓብዱልአዚዝ ካቻቪቴውን አንሥቶ በሂና በቀላ እጁ ጆሮው ላይ አደረገ። ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ከዚያም አስቀመጠው፣ ምንም ሳይል ጀለቢያውን አራገፈና ወጥቶ ሄደ።

"ተቆጣ እንዴ?" አለች ማዘንጊያ።

"ያ?" አለ ሂርሲ። "ያ ሲቆጣ ዝም አይልም።"

ውሃው አድሮ በረዶ ሆነ። በማግስቱ ጠዋት በረዶው በሁለት ጋሪ ተጭኖ ወደ ሠርጉ ቤት ሲሄድ ተለማማጆቹም ጋሪው ላይ ተቀምጠው ሄዱ፤ ማዘንጊያ በአዲስ ቀሚስ፣ ሂርሲ ከአጎቱ በተዋሰው ሸሚዝ። ደጃፉ ላይ ዓብዱልአዚዝ ሁለቱንም በእጃቸው ይዞ፣ ሽማግሌዎቹ በተቀመጡበት ድንኳን መሐል አቁሞ፣ በሐረሪ አንድ ነገር ተናገረ። ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ። ማዘንጊያ ጠጋ ብላ ሂርሲን፣ "ምን አለ?" አለችው።

"ልጄን ሰጠሁ፣ ሁለት መካኒክ አገኘሁ ነው ያለው።" ሂርሲ ሐረሪ ያን ያህል አይችልም፤ ቢሆንም ማዘንጊያ አመነችው። አቶ ክፍሉም ተጠርተው ስለነበር ከወይዘሮ ቦጋለች ጋር ሆነው ከወዲያኛው ጥግ አዩ። አንድ የማያውቁት ሽማግሌ ጠጋ ብሎ፣ "ያቺ የማን ልጅ ናት?" ሲላቸው፣ አቶ ክፍሉ የቀዘቀዘ ሽሮፕ ብርጭቆአቸውን ከፍ አድርገው፣ "የእኔ ናት። ይሄን የምትጠጣውን ያቀዘቀዘችልህ እሷ ናት" አሉት። ሰውየውን አንተ ማለታቸውን የሰሙት ወይዘሮ ቦጋለች ብቻ ናቸው፤ ሠርጉ እስኪያልቅ ሳቃቸውን አልጨረሱም።

በሰኔ ሁለቱም ቋሚ ሠራተኞች ሆኑ። ካሣ ሠራተኛውን ሰብስቦ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ግማሹን ስለ ምርት ዕድገት፣ ግማሹን ስለ ኖራ። ከዚያ ማዘንጊያ ለአጭር ሥልጠና አዲስ አበባ እንድትሄድ ተወሰነ። አቶ ክፍሉ በመስኮት በኩል ያለ ወንበር ራሳቸው መርጠው ያዙላት፤ ባቡሩ እስኪንቀሳቀስም መስኮቱ ሥር ቆመው፣ ዕድሜ ልካቸውን ያዩትን ባቡር አዲስ የመጣ ይመስል፣ እያንዳንዱን ጣቢያ በስም በስሙ ነገሯት።

አዲስ አበባ ስትደርስ የሐምሌ ዝናብ እየወረደ ነበር። ማዘንጊያ በስስ የድሬ ቀሚሷ ጣቢያው ደጅ ቆማ ጥርሷ ይንቀጫቀጭ ጀመር። ከድሬ ወጥታ አታውቅም፤ አገር ምድሩ በሙሉ ሲበርድ አይታ አታውቅም። ሰዎች ጃንጥላቸውን ዘርግተው ሲሮጡ እሷ ዝናቡ ውስጥ ቆማ ብቻዋን ትስቃለች። በማግስቱ ስልክ ቤት ገብታ ወደ በረዶ ቤት ደወለች።

"ዓብዱልአዚዝ! እዚህ ያለ ማሽን ነው የሚበርደው!"

"ወላሂ? ታዲያ መካኒኮቹ ምን ይሠራሉ?" አለ።

ሥልጠናዋን ጨርሳ የተመለሰችው በመስከረም ነው። የፉርጎው በር ሲከፈት የድሬ ሙቀት ፊቷን አቀፈው። ወይዘሮ ቦጋለች እልል አሉ። አቶ ክፍሉ ሻንጣዋን ተቀብለው ወደ ቤት ሊያዞሯት ሲሉ እሷ ወደ ሐዲዱ ማዶ አየች።

"እናንተ ቅደሙ፣ አባዬ። ማሽኑን አዳምጬው እመጣለሁ።"

"ምሳ ቀርቧል እኮ!" አሉ እናትየው።

"ተያት" አሉ አቶ ክፍሉ ሻንጣውን ትከሻቸው ላይ እያወጡ። "ሥራ ላይ ናት።"